ጀልባዋን ማን ገፋት?

ከዓባይ ማዶ ወደ ከተማ በተሳፈርሁበት ታክሲ አንዲት ተማሪና አጎቷ ከኋላዬ ተቀምጠው ያወሩ ነበር፤ እናቷን ሆስፒታል ሊጠይቁ እየሄዱ ነው።

«ጋሼ፣ እማዬን የጣልኋት እኔ ነኝ።»

«ደግሞ ምን አመጣሽ?»

«ጣና ዳር ቁንዝላ ወደብ ስንደርስ ጀልባዋ ሳትታሰር ወደ ዳር ዘለልሁ። እማዬ ልትወርድ እግሯን ስታነሳ ጀልባዋ ወደ ኋላ ሸሸችባትና በወገቧ ወደቀች።»

«ዘለልሽ እንጂ መች ገፋሻት?»

«መዝለል መግፋት ነው። እኔ በእግሬ ጀልባዋን ወደ ኋላ ስገፋት፣ እሷም በዚያው ልክ እኔን ወደፊት ትገፋኛለች። ፊዚክስ ተምረነዋል።»

«እኩል ከሆነማ አንዱ ሌላውን ባጠፋው፤ ማንም ባልተነቃነቀ።»

«አይጠፋፉም ጋሼ። አንዱ ያረፈው እኔ ላይ ነው፣ ሌላው ጀልባዋ ላይ። ለዚህ ነው እኔም እሷም የሄድነው። ፈተና ላይ ይህንኑ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ።»

«ይሁን፣ ገባኝ።»

«እማዬ ግን ‹እግሬ ከዳኝ› እያለች ራሷን ትወቅሳለች።»

«አሁን አትንገሪያት። መጀመሪያ የወገቧን ነገር እንስማ።»

«መራመድ አትችልም ቢሉንስ?»

«ክፉ አታውሪ!»

የአጎቷ ስልክ ጠራ።

«አቤት... እ... ተመስገን!»

«ምን አሉ?»

«እግሯን ማንቀሳቀስ ጀምራለች።»

ልጅቷ አለቀሰች። ከዚያ፣ «ዛሬውኑ እነግራታለሁ» አለች።

«እንግዲያው አብሬሽ እቆማለሁ። ወራጅ አለ!»

ልጅቷ ስትወርድ ታክሲው ትንሽ ሲወዛወዝ፣ የፊቴን ወንበር በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝሁ።