የፈላው ውሃና የኦቾሎኒው ቅርፊት

የመኪና ባትሪ የሚያድሱት አዛውንት በዘይት መጭመቂያው በኩል ሲያልፉ፣ የወንድማቸው ልጅ የኦቾሎኒ ቅርፊት በጆንያ ስትጠቀጥቅ አገኟት። የኬሚስትሪ መምህርት ናት።

«ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ጥራጊ ለመልቀም ነው እንዴ፣ ልጄ?»

«ለእርስዎው ሱቅ ነው፣ ጋሼ። የባትሪው እጣቢ ወደምትጠጡት የጉድጓድ ውሃ ይሰርጋል። ሐኪሙስ የልጅ ልጅዎ ደም ውስጥ የባትሪ እርሳስ አለ ብሎ የለ?»

አዛውንቱን ቅር አላቸው። ለዚያ ልጅ ያልፈላ ውሃ ሰጥተው አያውቁማ።

«ውሃው ኩልል ያለ ነው። እንዲያም ሆኖ እስኪጎድል ነው የማፈላለት።»

«ጨው የበዛበት ሾርባ እሳት ላይ ቢቆይ ጨዉ ይቀንሳል?»

«ይብስበታል እንጂ። ውሃው ይተናል፣ ጨዉ የት ይሄዳል?» አሉ። ወዲያው ነገሩ ገባቸውና፣ «እኔ ነኛ ያባስኩበት» አሉ።

«አላወቁማ፣ ጋሼ።»

እውነት ነው፣ አላወቁም። ማፍላት ተውሳክ ይገድላል፤ እርሳስ ግን ነፍስ ስለሌለው አይሞትም። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ወላጅ ሲለፋ ይኖራል።

«ታዲያ ቅርፊቱ ምን ይፈይዳል?»

«ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ በርሜል ይሞላል። አሲዱን በኖራ ካበረድን በኋላ እጣቢው ቀስ እያለ ሲያልፍበት፣ አብዛኛው እርሳስ ቅርፊቱ ላይ ይቀራል። የወጣውን እያስመረመርን ነው ወደ ሱቁ ቦይ የምንለቀው። የልጁን መጠጥ ግን ከዛሬ ጀምሮ ከቧንቧ ነው የምንቀዳው።»

«ቅርፊቱ ሲጠግብ ለምድጃ ይሆነናል» አሉ። እቃ መጣል የማይሆንላቸው ሰው ናቸው።

«እንዳያደርጉት። እርሳሱ በጭሱና በአመዱ ተመልሶ ቤት ይገባል። ታሽጎ አደገኛ ቆሻሻ ለሚረከቡት ይሰጣል።»

«እሺ፣ እንዳልሽ» አሉና ጆንያውን ከእጇ ተቀብለው ተሸከሙ።

በርሜሉ ዛሬም ይሠራል። የልጁ ደም እንደገና ሲመረመር እርሳሱ ቀንሶ ተገኘ፣ ያሰቃየው የነበረው የሆድ ቁርጠትም ተወው። ዘይት መጭመቂያው ደጁን ሞልቶት ከነበረው ቅርፊት ተገላገለ፤ ከቦዩ በታች አትክልት የሚያጠጡ ጎረቤቶችም የባትሪ እጣቢ አይወርድባቸውም። የዚህ ሁሉ መነሻ በየቦታው የሚጣል ቅርፊት ነው።

በርሜሉ በተተከለ ቀን መምህርቷ የሱቁን እጣቢ በባልዲ ይዛ ቀረበች። አዛውንቱ «ቆዪ» ብለዋት ወደ ቤት ገቡ። ቀድሞ ለልጅ ልጃቸው አፍልተው ያስቀመጡትን የጉድጓድ ውሃ ከነማንቆርቆሪያው ይዘው ወጡና፣ መጀመሪያ እሱን ቅርፊቱ ላይ አፈሰሱት።