ኦፓኒን አምፖፎና የመኪናው እግር ብረት

ሰው በገዛ ደጁ እንኳ የማይከበርበት ዘመን መጣ እያሉ ኦፓኒን አምፖፎ ሲያማርሩ የኖሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ቤታቸው ኩማሲ ከተማ፣ ባንታማ ሰፈር፣ ከገበያው አጠገብ ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት አጎታቸው ያወረሷቸው ባዶ መሬት አለች። ለገበያ የመጣ ያቆምባታል፤ ለጸሎት የመጣ ያቆምባታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜማ ቀይና ጥቁር የለበሰ ለቀስተኛ ሁሉ መኪናውን እዚያ ገትሮ ይጠፋል። ኦፓኒን ለመኑ፣ ተቆጡ፣ ድንጋይ ደረደሩ። ሰዎቹ ድንጋዩን ወደ ጎን እያደረጉ አቆሙ።

በመጨረሻ ብረት ሠሪዎቹ ወዳሉበት ወደ ሱዋሜ ወርደው፣ የከተማው ደንብ አስከባሪዎች መንገድ ዳር ጎማ ላይ የሚያጠልቁትን የመሰለ ቢጫ ብረት አሠርተው መጡ። ሰፈሩ ወዲያው «እግር ብረት» አለው። የቁልፉን ክር አንገታቸው ላይ ካጠለቁ ወዲህ ግን አረማመዳቸው ሁሉ ተለወጠ፤ ሹመት ያገኙ ነበር የሚመስሉት።

በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በዩኒቨርሲቲ ሕግ የምትማረው የእህታቸው ልጅ ሰርዋ ከሚኒባስ ስትወርድ፣ አጎቷን ምርጥ ኩታቸውን እንደለበሱ አንዲት ነጭ መኪና ጎማ ሥር ተንበርክከው አገኘቻቸው።

«ደህና አደሩ ዎፋ!» አለች፤ የእናት ወንድም የሚጠራው እንዲያ ነው። «ምን ጠፍቶብዎት ነው?»

«ምንም አልጠፋብኝም። እያሰርኩ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ዛሬ ልጄን አጄይዋን ለጋብቻ ሊጠይቁ ከማምፖንግ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ታውቂያለሽ። መኪናቸውን የሚያቆሙበትን ቦታ ጠርጌ፣ ውሃ ረጭቼ ልብስ ልቀይር ብገባ፣ ይሄ ዓይነ ደረቅ መጥቶ ተገተረበት!»

«እንዲነሳልዎት ነው የሚፈልጉት?»

«አሁኑኑ!»

«ታዲያ የታሰረ መኪና እንዴት አድርጎ ነው የሚነሳው?»

ኦፓኒን ቁልፉን እንደያዙ ቆም አሉ። እውነቱን ለመናገር ነገሩን በዚህ በኩል አስበውት አያውቁም ነበር። ቁጣ ብዙ ሰው ያሠራዋል፤ ከሠራ በኋላ ነው ሐሳብ የሚመጣው።

«ባለቤቱ ይመጣል፣ ይለምነኛል፣ እቀጣዋለሁ፣ እፈታለታለሁ» አሉ ቀጭ አድርገው ቆልፈው።

«ማታ ቢመጣስ?»

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ዩኒቨርሲቲ የሰደደችሽ እኔን ልትሞግቺ ነው?»

«እርስዎን ብቻ እንኳ አይደለም ዎፋ፤ ሌላም ሰው አለ» ብላ ሳቀች።

ኦፓኒን ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሡ። «እሺ፣ አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ። ደንብ አስከባሪዎቹ ሲያስሩ ሕግ ነው፤ እኔ በገዛ መሬቴ ሳስር የምትሞግቺኝ ለምንድን ነው?»

«መንገዱ የሕዝብ ነው። ሕዝቡ በወኪሎቹ በኩል ደንብ አውጥቶ ሥልጣን ሰጣቸው። እንዲያም ሆኖ ማቆም ክልክል ነው የሚል ምልክት መትከል አለባቸው፤ ደረሰኝ መስጠት አለባቸው፤ ተበደልኩ ያለ ሰውም አቤት የሚልበት ሊኖረው ይገባል። ያለዚያ እነሱም ይከሰሳሉ። እርስዎ ግን ከሳሹም እርስዎ፣ ዳኛውም እርስዎ፣ ወህኒ ጠባቂውም እርስዎ! መሬቱ የእርስዎ ነው፤ አይደለም ያለዎት የለም። መኪናው ግን የሰው ነው።»

«እሱ የወረቀት ሕግ ነው!» አሉ ኦፓኒን፣ አሁን መልስ ያገኙ መስሏቸው ደረታቸውን ነፍተው። «በአያቶቻችን ሕግ እርሻዬ የገባች የሰው ፍየል ትታሰራለች። ባለቤቷ ሲመጣ ይክሳል። መኪናና ፍየል ምን ለያቸው? ሁለቱም ያልተፈቀደላቸው ይገባሉ፣ ሁለቱም ይጮኻሉ።»

ሰርዋ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። «እኔ ከተማ ነው ያደግኩት፤ ፍየል ሲታሰር አላየሁም። እስቲ እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ።»

ኦፓኒን የድሮ ነገር የጠየቃቸውን ሰው አይጠሉም። «መጀመሪያ ጥላ ሥር ታስሪያታለሽ። ውሃና ሳር ታቀርቢያለሽ። ከዚያ ደወል መቺው ዞሮ የማን ፍየል ጠፋች እያለ ይለፍፋል። ባለቤቷ ሲመጣ ሁለታችሁም የመንደሩ ሹም ዘንድ ትሄዳላችሁ። ሹሙ እርሻውን አይቶ፣ በበላችው ልክ ካሳ ይቆርጣል፤ ከዚያ የሚያልፍ የለም። ታስራ ሳለች ከሞተች ደግሞ ከፋዩ አሳሪው ነው። የአያቴ ባልንጀራ አንዷን ያለ ውሃ ገደላትና እስኪሞት ድረስ መንደሩ ሳቀበት።»

«ግሩም ሕግ ነው» አለች ሰርዋ ከልቧ። ወደ ነጯ መኪና እያመለከተችም፣ «ለዚህች ፍየል ባለቤት ማን ለፈፈለት?» አለች።

ኦፓኒን የቁልፉን ክር አንገታቸው ላይ አስተካከሉ።

«የትኛው ሹም አየልዎት? ምንስ በላችብዎ? ካሳውን የቆረጠውስ ማነው? ከገበያ ማዶ የታመመ ሰው ሆስፒታል የምታደርስ ብትሆንና ታስራ ሳለች ቢሞት፣ ዕዳው የማን ነው? የወረቀቱን ሕግ ልተውልዎትና፣ በአያቶቻችን ሕግ ቢሆን ዛሬ የሚስቅብዎት መንደሩ አልነበረም?»

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ያለው ሰውዬ እንደ ኦፓኒን ሳይሆን አይቀርም። ልባቸው ተረትቷል፤ ምላሳቸው ግን ገና እጁን አልሰጠም። ደግሞም ሰፈሩ ሁሉ በየመስኮቱ እያየ ነው፤ ትናንት «ማንንም አልምርም» ብለው የፎከሩ ሰው ዛሬ በሴት ልጅ ቃል ሲፈቱ ሊታዩ ነው?

«እንግዶቹ ይሂዱና እናወራበታለን» ብለው ገቡ።

ብዙም ሳይቆይ የማምፖንግ ሽማግሌዎች በእግራቸው መጡ። ከፊት ያሉት አጄይዋን ሊያገባ የሚፈልገው የዳርኮ አጎት፣ ናና ቦንሱ ነበሩ፤ የመጠየቂያው አረቄ ከኋላ በጨርቅ ተሸፍኖ ይከተላል። ወንበር ተሰጣቸው፣ ውሃ ቀረበላቸው፤ የመጡበትን ቤቱ ሁሉ ቢያውቅም፣ እንደ ወጉ ኦፓኒን ምንም እንዳልሰማ ሰው ጉዳያቸውን ጠየቁ።

«ጉዳያችን የሰላም ነው» አሉ ናና ቦንሱ። «ከዚህ ግቢ አንዲት አበባ ታይታናለች። ነገር ግን ከሱ በፊት አንድ አቤቱታ አለን። ማልደን ደርሰን ነበር። ያለ ሰዓቱ የሰው በር ማንኳኳት ነውር ነውና፣ መኪናችንን ውሃ የተረጨበት ንጹሕ ቦታ አቁመን ጎረቤት ዘመዳችን ዘንድ ተቀመጥን። አሁን ስናልፍ ብናይ አንድ ባለጌ ጎማውን በብረት ጠፍሮታል። ኦፓኒን፣ የሰፈሩ ሽማግሌ እርስዎ ነዎት። ይህን ወሮበላ ያውቁታል?»

ኦፓኒን ኩታቸውን እንደበረደው ሰው እስከ አገጫቸው ሳቡት። ኩማሲ በዚያን ቀን ትነድ ነበር። ቁልፉ ደረታቸው ላይ ፍም ሆነባቸው።

«ሰፈሩ... ተበላሽቷል» አሉ ድምፃቸው ሰልሎ። «እናጣራለን። ልጅቷን ጥሩ።»

አጄይዋ መጣች። እንግዶቹን ታውቃቸው እንደሆነ፣ አረቄያቸውንም ቤተሰቡ ይቀበል እንደሆነ አባቷ በሸንጎው ፊት ጠየቋት። ልጅቷ ዳርኮን ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቀች ናት፤ አዎ ለማለት ከንፈሯ ቸኩሎ ነበር። ነገር ግን ጠዋት በመስኮት ያየችውን አይታለች።

«አባባ፣ ልቀበላቸው ፈቃዴ ነው። ግን እነዚህ ሰዎች ነገ ቤተሰቤ ሊሆኑ ነው። የታሰረባቸው ሳይፈታ፣ ያሰረውም ሳይታወቅ አረቄውን ብንቀበል፣ ዕድሜዬን ሙሉ በአማቶቼ ፊት አንገቴን እንደደፋሁ እኖራለሁ። መጀመሪያ ይፈታ።» ዓይኗን ከአባቷ አንገት ላይ አላነሳችም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉት ነገር ደረሰ። ለእንግዳ ክብር ብለው ያሰሩት ብረት የልጃቸውን ትዳር ሊያስር ነው። ኦፓኒን አምፖፎ ዙሪያቸውን አዩ፤ ሰርዋን አዩ፤ ሰርዋ ግን አላሳቀቀቻቸውም፤ ዓይኗን ወደ መሬት ጣል አደረገች። ያን ጊዜ ነው ልባቸው ፍጹም የተሸነፈው። ተነሡ፤ ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ በሽማግሌ ፊት ጥፋቱን የሚያምን ሰው የሚያደርገው እንዲያ ነው። ቁልፉ ለሁሉም ታየ።

«ወሮበላው እኔ ነኝ» አሉ። «ለባለቤቱ ሳላስለፍፍ አሰርኩ። ምልክት ሳልተክል ቀጣሁ። ዳኛ ሳያየው ፈረድኩ። በመንግሥት ሕግም በአያቶቼም ሕግ ጥፋተኛ ነኝ። በበግ ልካሳችሁ።»

ናና ቦንሱ ጢማቸውን ዳሰሱ፤ ከዚያ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ሳቃቸው ፈንድቶ ከወንበራቸው ሊወድቁ ደረሱ። «በጉን ለሠርጉ ያድርጉት!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ጥፋቱን በአደባባይ የሚያምን አማች ከየት ይገኛል?»

ሁሉም ወጣ። ኦፓኒን በአዲስ ኩታቸው አቧራ ላይ ተንበርክከው ፈቱ፤ መስኮቱ ሁሉ አጨበጨበ። አጄይዋ አዎ አለች፤ አረቄው ተከፈተ።

ሁለተኛው መለኪያ ላይ ናና ቦንሱ ወደ ኦፓኒን ጆሮ ጠጋ አሉ። «በእኛ መካከል ይቅርና፣ ያቺን ብረት የት ነው የሚሠሯት? የእኔም ሱቅ ደጅ ሰዎች እያቆሙ አስቸግረውኛል።»

ኦፓኒን አምፖፎ መለኪያቸውን አስቀመጡ። «ናና፣ እንዳያደርጉት! ያሰሩት መኪና ቦታዎን ይዞ እዚያው ይውላል እንጂ አይሄድልዎትም። ባለቤቱ ጠላት ይሆናል፤ ፍርድ ቤት ከሄደም አሸናፊው እሱ ነው። ይልቅ መግቢያው ላይ ሰንሰለት ይዘርጉ፤ ሰው ሳይገባ ይመለሳል። የግል ቦታ ነው የሚል ሰሌዳ በትልቁ ያስጽፉ። አሻፈረኝ ያለ ካለ ሥልጣን ያለውን ይጥሩ፤ ማሰርም ማንሳትም የእሱ ሥራ ነው፤ ቢሳሳትም ተጠያቂው እሱ ነው። እኔ ከሰኞ ጀምሮ ሰሌዳዬን እተክላለሁ። ለለቀስተኛ ሰንሰለቱን እኔው እከፍታለሁ፤ መቼም ሐዘንተኛ ቀድሞ ቢጠይቀኝ አልከለክልም። ያን ጊዜ ቦታዬም ይከበራል፣ ጎረቤትም ሰላም ይለኛል፣ እኔም ስጣላ ከመዋል ቁጭ ብዬ ዳማ እጫወታለሁ። ሕግ ደካማውን ብቻ ሳይሆን የተቆጣውንም ሰው ከራሱ ያድነዋል።»

ናና ቦንሱ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። «ይህን ያህል ብልሃት ዘንድሮ ከየት አመጡት? መቼም የዕድሜ ነው።»

ኦፓኒን አዎ ሊሉ ነበር። ማዶ ለእንግዶች ሾርባ የምታቀርበውን ሰርዋን አዩ፤ በጠዋት በሰፈር ፊት ልታዋርዳቸው ትችል የነበረችው፣ በሸንጎ ፊትም ቀና ብላ ያላየቻቸው ልጅ።

«የዕድሜ አይደለም ናና» አሉ። «ያቺ የእህቴ ልጅ አስተማረችኝ። የተማርኩትም ገና ዛሬ ጠዋት ነው።»