ሦስተኛውን ጥሪ ያልጠበቁት ሰው

ሙዚቃዊ ድራማችንን ናይሮቢ መሀል ከተማ ካለው ትልቅ ቲያትር ቤት ኪሊማኒ ሰፈር ወዳለች ጠባብ አዳራሽ ያዛወርን ዕለት የገጠመኝን ስሙኝማ። ተመልካች ሲሳሳብን ነው የተዛወርነው። ከእንጨት የሠራነው ተራራ በበሩ አልገባ ብሎ ደጅ ቀረ፤ እኔም የእናትነት ሚናዬን የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆሜ ልጫወት ሆነ። በትልቁ ቤት የጠፋውን ልጄን በማይክ ስጣራ ፊቴ ጨለማ ብቻ ነበር። እዚህ ግን ማይክም የለ፣ ፊት ወንበር የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ መድረኩን ሊነካ ምንም አይቀረው። ዘፈኑ ላይ ሦስት ጊዜ እጣራለሁ፤ ልጄን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ በሦስተኛው ከመጋረጃ ጀርባ ይመልሳል። «ዳንኤል! ኧረ አንተ ዳንኤል!» ብዬ ገና የመጀመሪያውን ስጣራ፣ ከፊት ወንበር አንድ ሽበታም ሰው «አቤት!» ብለው ብድግ አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቄን ልውጥ ስታገል ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ አገጫቸው ይንቀጠቀጣል። ሳቄ ከየት መጥቶ! የቀረውን እሳቸውን እያየሁ ዘፈንኩት። ስንጨርስ ደጅ፣ ተራራችን አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ።

«ይቅርታ እህቴ፣ አበላሸሁባችሁ። እዚህ አገር ሁሉም ሚስተር ዳንኤል ነው የሚለኝ። እንዲያ አድርጎ የጠራኝ ከእናቴ ወዲህ የለም።»

«ኧረ ምንም አይደል ጋሼ» አልኳቸው።

«ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ነበር እኮ የምትጣራው። ኳሱን ትቼ መች እመጣ ነበር!» አሉና ተራራውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉት። «ዛሬ ግን በመጀመሪያው መጣሁላት።»