ሟች ትርንጎ ሚኒባስ ላይ

ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ ልጄ፣ ከመስኮቱ ራቅ በይ። የደብረ ብርሃን የጥር ብርድ ለእንግዳ አያዝንም። ሽንኩርቱን ከእግርሽ ሥር ልግፋልሽ፤ ሃያ ኪሎ ነው፣ ለነገው ሠርግ። የመጨረሻዋን ልጄን፣ ፋሲካን ልድር ነዋ። አሜን፣ አሜን፣ አንቺንም ለዚህ ያብቃሽ። ስምሽን ማን አልሽኝ? ሔራን? እሰይ፣ ደስ የሚል ስም። ከሐዋሳ መጥተሽ እዚህ ዩኒቨርሲቲው ነው የምትሠሪው? እንግዲያው አንኮበርን ዛሬ ታያታለሽ፣ ጉሙ ከፈቀደልሽ።

ድምፃችንን ግን ቀነስ እናድርግ። ከፊታችን ያለው ሰውዬ ተኝቷል። ስሳፈር እንኳ ነቅቶ ነበር፤ እኔን ሲያይ እንቅልፍ ጣለው… ብዙ የሚሠራ ሰው እንቅልፉ እንዲህ ድንገት ነው የሚመጣው። ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ፣ ቦርሳውን አቅፎ፣ አያሳዝንም? እኔ አላውቀውም። ማን እንደሆነም አልጠየቅሁም። የማጫውትሽ ስለ ሌላ ሰው ነው፣ እሺ? ስለ ሌላ።

ሙዚቃ በስልክሽ ትሰሚያለሽ መቼም። በዚያ በአፑ? እየከፈልሽ ነው ወይስ ከነማስታወቂያው? ከነማስታወቂያው… እኔም እንዳንቺው ነኝ። እስቲ ክፈቺውና "ትርንጎ" ብለሽ ጻፊልኝ። ወጣ? ፎቶ አለ አይደል? የምትስቅ ሴትዮ፣ ከጎኗ ሻማ የበራላት? ከሥሩ ያለውን አንብቢልኝ፤ መነጽሬን ረስቻለሁ። "የነፍስ ኄር ትርንጎ መታሰቢያ።" ጎበዝ። አሁን ቀና በይና እኔን እዪኝ… አዎ። አትደንግጪ፣ እጄን ንኪው፣ ሙቅ ነው። ትርንጎ እኔ ነኝ።

ደብረ ብርሃን ላይ ስቱዲዮ ያለው አንድ የተባረከ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ ጥሩ ሰው በስሙ ሲመሰገን ዓይን ያርፍበታል። ባለፈው ዓመት ቤቴ ድረስ መጣ። "እማዬ፣ የድሮ የሠርግ ዘፈን እንዳይጠፋ እየሰበሰብኩ ነው" አለኝ። አየሽልኝ ደግነት? የወለድኳቸው አምስቱ ስዘፍን "ኧረ ቀስ በይ እማዬ፣ ጎረቤት ይሰማል" ነው የሚሉኝ። እሱ ግን አፌ ሥር መቅረጫ ደቀነልኝ። አስቆኝ አስቆኝ ያቺን ፎቶ አነሳኝ። እኔም ያለኝን ዘፈንኩለት። ትልቋን ልጄን ቅድስትን ለሚ ለሚባል አገር ሰው የዳርኩ ዕለት ከራሴ ገጥሜ ያዜምኳትንም ሰጠሁት፣ ለማንም ሰጥቻት የማላውቀውን። እስቲ ተጫኚውና እንስማት፣ ቀስ አድርገሽ፣ የተኛ አለ።

ልጄ ጉሙን ገባች ነጠላዋ ታየኝ፣

ቆይ… መጣ! ማካሮኒ! አየሽ ይሄን? ልጄ ጉሙ መሐል ቆማ ሰውዬው ስለ ማካሮኒ ይጮሃል። መዝለል አይቻልም? ካልከፈልሽ አይቻልም። ማስታወቂያው ደግሞ ዝም ብሎ አይመጣም አሉ፤ ዕድሜሽን፣ ሰፈርሽን፣ ምን እንደምትወጂ አጥንቶ ነው የሚመጣው። ላንቺ ማካሮኒ አመጣ፣ ወጣት ነሽ፣ ብቻሽን ነው የምትኖሪው፣ ትክክል ነው? ለኔ ፍራሽ ነው የሚያመጣብኝ። "ከእንግዲህ በምቾት ይረፉ" ይለኛል በየሁለት ዘፈኑ። ማን ነግሮት ይሆን? አሁን ጨረሰ፣ ስሚ…

ነጠላዋም ጠፋ ጉሙ ብቻ ቀረኝ።

ይህቺ ናት። ታምራለች? እግዜር ይስጥልኝ። ያን ዕለት እውነትም ከጉሙ በቀር ያየሁት ነገር አልነበረም፤ ለአንድ ሳምንት እህል አልቀመስኩም።

ታዲያ ዘፈኑን አፑ ላይ ሲጭኑት ፎርም ይቀርባል አሉ። የስቱዲዮው ጎረቤት፣ ስልክ የሚጠግነው አብርሃም ነው ያስረዳኝ። "ግጥምና ዜማው የማነው?" ይላል ፎርሙ። የትርንጎ። እስከዚህ እውነቱን ጻፈ፣ ይባረክ። "በሕይወት አለች?" ይላል ቀጥሎ። አለች ካልሽ ፊርማዋን አምጪ፣ ስልኳን አምጪ፣ ፈቃዷን አምጪ ነው። ሞታለች ካልሽ ወራሿን ብቻ ይጠይቃል። እስቲ አንቺ ፍረጂ፣ ያ ምስኪን ምን ያድርግ? ለአንዲት ገበሬ ሴት ፊርማ ብሎ እስከ አንኮበር በዚህ አቧራ ይንገላታ? ፊርማዬም እንደማያምር ያውቃል፤ አዘነልኝ። ገደለኝና ገላገለኝ።

ወራሽ የሚለው ላይስ ማንን ጻፈ መሰለሽ? ራሱን! ብቸኛ ወራሽ! አምስት አምጬ ወለድኩ፣ ስድስተኛው ያለ ምጥ መጣልኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ለስንቱ ይሰጣል? ሌላው እናቱ እስክትሞት ይጠብቃል፣ ይሄኛው ግን ቸኮለልኝ… ከፍቅር ነው። የሞትኩበትን ቀን ሳይቀር ጽፏል፣ ኅዳር አሥራ አራት። አብርሃም ሲያነብልኝ ትዝ አለኝ፤ ያን ቀን በግ ሸጬ ስመለስ ደውሎልኛል። "እንደምን ነሽ እማዬ?" አለኝ። "ደህና ነኝ" አልኩት። እሱ የሚያውቀውን እያወቀ አላሳፈረኝም። ስልኩን ዘጋው።

አፑ ደግሞ ያዳመጥሽውን ሁሉ እየመዘገበ ይይዛል አይደል? ቅድስት ለሚ ሆና ለእህቷ ሠርግ ዘፈን ስትፈልግ ሰነበተች። አፑ አየ፣ መዘገበ፣ አንድ ቀን ጠዋት "ለእርስዎ የመረጥንልዎ" ብሎ የእናቷን መርዶ ላከላት። ፎቶውን አየች፣ ሻማውን አየች፣ ድምፄን ሰማች። ብትደውል የኔ ስልክ ባትሪው አልቋል። ጥቁር ለብሳ፣ ሦስት ጎረቤት አስከትላ፣ ከለሚ አንኮበር ድረስ እያለቀሰች መጣች። በሩን ማን ከፈተላት? ሟች ናታ፣ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች። ደስ ይላታል ስል ልጄ ክንብል አለች። ውሃ የረጨኋትም እኔው ነኝ።

ለቀስተኞቹስ? ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ሳያለቅሱ ይመለሱ? ትንሽ አለቀሱ፣ ወጉ ነው። ሙያዬን አነሱ፣ ደግነቴን አነሱ፣ እኔም ሆዴ ባባና አብሬያቸው አለቀስኩ። በቁሜ እንዲህ አሞግሰውኝ አያውቁም። ኋላ ሳቅንበት እንጂ ቅድስት እስከ ማታ ነጠላዬን ይዛ ከጎኔ አልተለየችም። እሱን ሳስብ እስከ ዛሬ አንጀቴ ይቃጠላል፣ ምን እደብቅሻለሁ።

እዪው እስቲ፣ ሰውዬው አንገቱ እንዴት ቀላ። ብርዱ ነው። ነጠላዬን ላልብሰው ይሆን? አይ፣ ይንቃብናል።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የሙሽራው አጎት፣ የመዘዞው ጋሽ ደምሴ፣ ወሬውን ሰሙ። "ለቅሶ የተለቀሰላት ሴት ሙሽራ ሸኝታ ብትዘፍን ለልጆቹ ገድ አይሆንም" አሉ። ኧረ ጋሽ ደምሴ፣ ይኸው ቆሜያለሁ እኮ ብላቸው "መቆሙንስ ቆመዋል፣ አልካድኩም፤ ግን ስልኩ…" አሉኝ። ስልኩ! ከሚያዩኝ ከኔ ይልቅ ስልኩን አመኑት። ፋሲካ ተናደደችና "እናቴ አልሞተችም" ብላ ያችኑ ዘፈን ስዘፍን በቪዲዮ ቀርጻ ለቀቀችው። በማግስቱ ድምፁ ጠፋ። "ባለመብቱ አልፈቀዱም" ይላል። አፌ ይንቀሳቀሳል፣ እጄ ያጨበጭባል፣ ድምፅ የለኝም… ጋሽ ደምሴ ያንን ሲያዩ ጭራሽ አማተቡ። "እስከ ነገ ጠዋት ስልኩ በሕይወት አሉ ካለ ይዝፈኑ፣ ካላለ ጓዳ ይቀመጡ" ብለው ቆረጡ። ልጄን ስሸኝ ጓዳ ልቀመጥ ነው፣ ገባሽ? የራሴን ዘፈን ሌላ ሰው ይዘፍንላታል፣ እኔ ከሽንኩርት ጋር።

ዛሬ ማለዳ ስቱዲዮው ሄድኩ፣ ዝግ ነው። ደወልኩ፣ አይነሳም። በሱ አልፈርድም፤ የሞተች ሴት ብትደውልልሽ አንቺስ ታነሺያለሽ? አብርሃም እንደሚለው ነገሩ ቀላል ነው። "አስተካክል" የምትል ቦታ አለች፤ "ሞታለች" የሚለውን አጥፍቶ "በሕይወት አለች" ብሎ መጫን ነው። ግን ከባለመብቱ ስልክ ብቻ ነው የሚቻለው። አንድ ጣት ነው የሚፈጀው፣ እሱም ትንሿ ትበቃለች።

ደግሞ የሚያስቅሽን ልንገርሽ። ያ የተባረከ ሰው ማን የት ሆኖ እንደሚያዳምጠው ስልኩ ላይ ያያል። "አንኮበር ላይ አንዲት ከሃምሳ በላይ የሆነች ሴት ጎህ ሲቀድ በየቀኑ ታዳምጠኛለች" እያለ በየደረሰበት ሲያወራ ነበር አሉ። ታዳምጠኛለች! አድናቂው መስላዋለች። ማን ትሆን?… በጎቿን ልታወጣ ስትል የገዛ ድምፅዋን የምትከፍት አንዲት ሟች ናት።

ያቺን ያቀፋትን ቦርሳ አየሻት? መቅረጫ ያለባት ትመስላለች። ይሄ ሌላ ሰውዬ ነው፣ እሱን ተዪው። ያኛው ግን ዛሬ አንኮበር ወርዶ እትዬ ወለተሐናን ሊቀርጽ ቀጠሮ እንደያዘ ሰማሁ። የሰማንያ ዓመት ሴት ናቸው፣ ድምፃቸው እንደ ልጃገረድ። ትናንት ደወልኩላቸው። "ደህና ነዎት?" "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።" "እስቲ ለማንኛውም ኑዛዜዎን ያዘጋጁ፣ ነገ የሚመጣ ሰው አለ" አልኳቸው። ልጆቻቸውን ሰብስበው በሩን ከውስጥ ቀርቅረዋል አሉ። ክፉ ነገር ተናገርኩ እንዴ? ስለ ጤናቸው ብዬ እኮ ነው።

ከዚህ ዳገት ወዲያ ኔትወርክ ይጠፋል። ስልኩን የሚነካካ ሰው ካለ አሁን ቢነካካ ይሻለዋል… ለማንም አይደለም፣ እንዲያው ለተሳፋሪው ሁሉ ብዬ ነው። ውይ፣ እዪው እዪው! እጁ ኪሱ ገባ። በህልሙ ነው መሰለኝ። ስልኩን አወጣ… ዓይኑን ሳይገልጥ ስልክ የሚከፍት ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? አሁን ገለጠ። ሻማዋን እያያት ነው፣ ከዚህ ትታየኛለች። እሰይ የኔ ልጅ… የማንም ልጅ ይሁን ብቻ። ወደ ታች ውረድ… እዚያው ጋ… ጣትህን…

ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተው።

ምን አለ? "ወራጅ አለ"? እዚህ? ሜዳው ላይ? ኧረ ሾፌሩ፣ እዚህ ከበግ በቀር ማንም የለም! ለነገሩ ይውረድ፣ ሊቀርጻቸው ይሆናል። በግ ፊርማ አይጠየቅም። ቦርሳህን እንዳትረሳ ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ ውረድ፣ ውርጩ ያንሸራትታል።

እስቲ ሔራን፣ አንቺ አንዴ እዪልኝ። ተቀየረ? አልተቀየረም… ሻማዋም እንደበራች ነች? ይሁን። ይሁን እንግዲህ። ለአንድ ጣት ለምኜ አላውቅም፣ ዛሬ ለመንኩ። አፈርኩ ልጄ፣ እውነቴን ነው።

ነገ ግን እዘፍናለሁ። ጋሽ ደምሴ ቢቆጡ ይቆጡ። ልጄ በዚያ በር ስትወጣ እኔ ጓዳ አልቀመጥም። ደግሞስ የሞተችን ሴት ማን ነው ዝም በይ የሚላት? አንቺም ነገ ቀሪ የለም፣ ሥራ የለሽም፣ መጥተሽ ታጨበጭቢያለሽ።

አሁን መስኮቱን ክፈቺልኝ። ይብረደን፣ ግድ የለም። የማያውቁትን መንገደኛ መርቆ መሸኘት የአገራችን ወግ ነው፣ ሲሰማው ደግሞ ደስ ይለዋል። እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ክፉ አይንካው፣ እንቅፋት አይምታው። መቶ ዓመት ሞልቶት፣ ጠግቦ፣ አልጋው ላይ ቀኑ ሲደርስም፣ መርዶውን የሰማ አገሩ ሁሉ "ኧረ እሱ አልሞተም፣ ፎርም ሞልቶ ነው" ብሎ አንድም ሰው ከቤቱ አይነቃነቅ። አሜን በይ፣ ልጄ።