የምትታወቅ ልጅ

ሰው የሚወደውን ሊጠብቅ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚመጣለት አንድ መላ ነው፤ መደበቅ። ገንዘቡን ይደብቃል፣ በሽታውን ይደብቃል፤ ሲብስበት ልጁንም ይደብቃል። በሠፈሩ «ባለመጋዙ» እየተባሉ የሚጠሩት ሽማግሌ አናጢ ያን ዕለት ጠዋት ወደ ሚስማርና ሳንቃ መሸጫው ሱቅ የሄዱት ለዚሁ ነበር። የልጅ ልጃቸው የምትተኛበትን ክፍል መስኮት በሳንቃ ሊመቱት አስበዋል።

ልጅቷን ቤተሰቡ ሚጢ ይላታል። ስድስት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ቆዳዋ ነጭ፣ ጸጉሯ እንደ በቆሎ ጢም ብጫ ነው፤ ዓይኗም ብርሃን ሲያይ ይርገበገባል። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር፣ እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሁለቱም ጠይሞች። ስለዚህ ሰው አፉ ያመጣለትን ሁሉ አለ። አንዱ እርግማን ነው አለ፤ ሌላው እናቷን አማ። ባለመጋዙ ራሳቸውም «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ታይቶ አይታወቅም፤ በምራቴ በኩል የመጣ ነው» ሲሉ ኖረዋል። ልጅቷን ግን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይሳሱላታል። በጣም ስለሚሳሱላትም ከግቢ እንዳትወጣ ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

በዚያ ሰሞን ወላጆቿ ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቧት ቆርጠው ተነሡ። በዚያው ሳምንት አንድ የማይታወቅ ሰው ከረሜላ ይዞ በራቸውን አንኳኳና «ነጯ ልጅ የምትኖረው እዚህ ነው?» አለ። ጸጉሯ ለንግድ ገድ አለው መባሉን ሰምቶ፣ ትንሽ ቆርጠው ቢሰጡት የጠየቁትን ሊከፍል ነበር የመጣው። ባለመጋዙ መጋዛቸውን እንደያዙ እስከ መንገዱ ማዶ ድረስ አባረሩት። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ክርክር ሆነ። ምራታቸው ትማር አለች፤ እሳቸው ትቀመጥ አሉ፤ ልጃቸው አንዴ አባቱን አንዴ ሚስቱን ሲያይ ቆይቶ በመጨረሻ ከሚስቱ ጋር ቆመ። ሽማግሌው አኮረፉ። ሳንቃ ሊገዙ የወጡትም በዚሁ ኩርፊያ ላይ ሆነው ነው።

ሱቁ ገና አልተከፈተም። በረንዳው ጥላ ሥር ግን አንድ ወጣት ቀድሟቸው ቆሟል፤ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ለብሶ፣ ሰፊ ኮፍያ አድርጎ። ቀና ሲል ባለመጋዙ ክው አሉ። መልኩ የሚጢ መልክ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ዕድሜ የላቸውም፣ እንደ ጤዛ ይጠፋሉ ሲባል ሰምተው ነበር። ይኸውና አንዱ ጢም አብቅሎ የበር ማጠፊያ ሊገዛ ተራ ይጠብቃል።

ወጣቱ እንዲህ ያለውን አስተያየት ለምዶታልና ፈገግ ብሎ እጅ ነሣቸው። «እንደምን አደሩ አባቴ? ወደ ጥላው ጠጋ ይበሉ።»

«እግዜር ይመስገን። አትቀየመኝና ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ እንዴት አደግህ?»

«እየበላሁ» አለ ወጣቱ።

ሽማግሌው ሳያስቡት ሳቁ። ሳቅ ደግሞ የተቆለፈ አፍ ይከፍታል፤ ስለ ሚጢም፣ ስለ ባለከረሜላውም፣ ስለ ሳንቃውም አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት። ወጣቱ የሒሳብ መምህር ነበርና እንደ መምህር አስረዳቸው። ነገሩ አልቢኒዝም ይባላል፤ ቆዳን፣ ጸጉርንና ዓይንን የሚያጠቁረው ቀለም ሲያንስ የሚሆን ነው። አይተላለፍም፤ ከእርግማንም ከገድም ጋር አይገናኝም። ጸጉሯም ጸጉር ነው፤ ማንንም አያበለጽግም፣ ማንንም አያደኸይም።

«ታዲያ ከማን መጣ? ከእናቷ አይደለም?»

«ከሁለቱም ነው አባቴ። እንደኔ ዓይነቱ የሚወጣው አባትም እናትም ሳያውቁት በደማቸው ይዘውት ሲገናኙ ነው። በልጅዎ በኩልም አለ ማለት ነው።»

ስድስት ዓመት ሲናገሩት የኖሩትን በአንድ ጠዋት መዋጥ ቀላል አይደለም። ባለመጋዙ ግን ወደ ዋናው ጭንቀታቸው ተመለሱ።

«እሺ፣ ይሁን። ሰውየው ግን ይህን አያውቅም፤ ጸጉሯን ፈልጎ መጥቷል። ነገ ደግሞ ከጸጉር ሌላ የሚፈልግ ይመጣል። ጅብ ባለበት አገር በግ በራፍ ላይ አይታሰርም።»

«እውነትዎን ነው። አደጋ የለም ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ያን ሰው ቤታችሁን ማን አሳየው?»

«የሠፈር ወሬ ነዋ።»

«ወሬው የበረታው ልጅቷ ስለማትታይ ነው። ሰው ያየው ነገር ሲሰለቸው ይተወዋል፤ ያላየውን ግን እየጨመረ ያወራዋል። አሁን ደግሞ ይንገሩኝ። አያድርገውና ዛሬ ብትጠፋ፣ ከማያውቃት ሰው ጋር ስትሄድ አይቻታለሁ የሚል ጎረቤት ይገኛል?»

ሽማግሌው አሰቡ። ግድግዳ የሚጋሯቸው ሴትዮ እንኳ ሚጢን ያዩዋት ጨቅላ ሳለች ነው። «አያውቋትም» አሉ በዝግታ።

«እንግዲያው ሌባው ያውቃታል፤ የማያውቋት ሊጠብቋት የሚችሉት ናቸው።»

ይህ ነገር ሽማግሌውን የት ድረስ እንደወጋቸው ፊታቸው ተናገረ። ክፉ የሚያስብ ሰው ጨለማ ሲፈልግ፣ ጨለማውን በገዛ ሳንቃቸው ሊሠሩለት ነበር።

ወጣቱ የራሱን አጫወታቸው። እናቱ በልጅነቱ እጁን ይዛ ገበያ ለገበያ እያዞረች «ይህ የኔ ልጅ ነው» እያለች ከየሻጩ ጋር ታስተዋውቀው ነበር። አንድ ቀን በሰው ግርግር መሀል አንድ ሰው ጎትቶ ሊወስደው ሲል፣ ከሰል የምትሸጥ ሴት «የእገሊት ልጅ አይደለም እንዴ?» ብላ ጮኸች። ሰውየው ልጁን ጥሎ ሮጠ።

«ልጆቹስ? አይስቁባትም?» አሉ ባለመጋዙ።

«መጀመሪያ ይስቃሉ። እኔን አምፖል ነበር የሚሉኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር አምፖልን ጥሩት ይባል ነበር። በኋላ ፈተና ሲደርስ ሒሳብ እንዳስረዳቸው የሚለምኑኝ እነዚያው ሆኑ። ግን ዝም ብላችሁ አትልቀቋት፤ መምህሯ ቀድማ ትወቅ፤ ልጆቹንም ትምከርላት።»

ሱቁ ሲከፈት ባለሱቁ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። ሐሳባቸውን መለወጣቸውን ነግረውት ተመለሱ።

ምራታቸው የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትሰፋ ነበር። ባለመጋዙ ቆመው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ በስምሽ ያወራሁት ስህተት ነበር። በእኛም በኩል አለ። ያወራሁበት ቤት ሁሉ ሄጄ እናገራለሁ። ልጅቷም ትማር» አሉ። እሷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «አባባ፣ ለተማሪ ቤት ኮፍያዋን ምን ዓይነት ቀለም ላድርገው?» አለች።

በማግስቱ አያትና የልጅ ልጅ ሠፈሩን ቤት ለቤት ዞሩ። አንዲት እናት ልጇን ወደ ኋላዋ ሳበች፤ ባለመጋዙ ሳይቆጡ አለመተላለፉን አስረዱ፤ ልጆቹ ግን ማብራሪያው ሳያልቅ ኳስ ጀምረው ነበር። አባቷ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ስለ ባለከረሜላው አመለከተ። ቤት ውስጥም ሕግ ወጣ፤ ሚጢ ብቻዋን መንገድ አትሄድም፣ ከማታውቀው ሰው ምንም አትቀበልም። ሐኪም ዘንድ ቀርባ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና መነጽር ታዘዘላት፤ ፀሐይ እንደሷ ላለ ቆዳ ቁስል ከዚያም አልፎ ካንሰር እንደሚያመጣ ቤተሰቡ ያኔ ነው የሰማው። ሚጢ ሩቅ አጥርታ ስለማታይም መምህሯ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣ በትልልቁ ትጽፍላት ጀመር።

ባለከረሜላው ከወራት በኋላ ተመልሶ መጣ። ስለ ሚጢ የጠየቃት ሴት ያቺው ልጇን የሳበችው ናት። ልጅቷ የምትውልበትን የምታሳየው መስላ ሻይ ቤት አስቀምጣው ፖሊስ አስጠራች።

አንባቢ ሆይ፣ የዚህን ቤተሰብ ትርፍ እይ። ልጅ ፊደል ቆጠረች፤ ቆዳዋ ከቁስል ዳነ፤ ምራት ከሐሜት ወጣች፤ ሽማግሌም እንቅልፍ አገኙ። ሳንቃ ይህን ሁሉ አያደርግም ነበር።

አንድ ቀን ሚጢ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ እጅ ላይ ተንጠልጥላ አማረረች።

«አያዬ፣ ሌላ መንገድ የለም? በዚህ ሁሉም ሰው ሰላም ሊለኝ እያስቆመኝ እግሬ ደከመ።»

«የለም ልጄ» አሉ ባለመጋዙ። «በዚሁ ነው የምንሄደው።»