እምቢ ያለችው የሸርቆሌ ልጅ

ታክሲ ውስጥ በወሬ የሚረታኝ ሰው ገና አልተወለደም። ክልሉ አዲስ በተቋቋመ ሰሞን ከሸርቆሌ ወደ አሶሳ ስንመጣ ግን ጋቢና የተቀመጠ የመንግሥት ሠራተኛ ቀደመኝ።

«ጉምዝ ውስጥ እህት ሰጥቶ በምትኳ ሚስት መቀበል ሊቀር ነው። ሴቶቹን ያነቃናቸው እኛ ነን!»

«እኔ እናንተ ሳትመጡ ነው እምቢ ያልኩት» አለች አጠገቤ የተቀመጠች ጠና ያለች የጉምዝ ሴት።

«እንዴት እናቴ?» አላት ሠራተኛው ዞር ብሎ።

«ወንድሜ ሚስት ሊያገባ፣ እኔን ለልጅቷ ወንድም ሊሰጡኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ‹ፍየል አይደለሁም› አልኩ።»

«ዝም አሉሽ?»

«ይተዉኛል? ገረፉኝ። አልሄድኩም።»

«ወንድምሽስ?»

«እግር የለውም እንዴ? ሌላ ፈልጎ አገባ።»

ታክሲው በሳቅ ተናጋ። ከኋላ ወንበር ሌላ ሴት ትከሻዋን ያዘቻት።

«ወንድምሽ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው?»

«አለው። በምን አወቅሽ?»

«ለሱ ልሰጥ የነበርኩት እኔ ነኛ! አንቺ እምቢ ስትዪ እኔም ተረፍኩ። የምወደውን አገባሁ!»

«ውሸትሽን ነው!»

«በልጆቼ እምላለሁ! አባቴ ተናዶ ስምሽ ቤታችን እንዳይጠራ ከለከለ። ለመጀመሪያ ልጄ ስምሽን ላወጣላት ፈልጌ የሚነግረኝ አጣሁ።»

«ታዲያ ማን አልሻት?»

«‹እምቢ› አልኳት! አሁን አሶሳ ትማራለች። ነይ አብረን እንሂድ፣ ስምሽን ራስሽ ንገሪያት።»

እኔ ወሬኛው፣ መውረጃዬ ሲያልፍ እንኳ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።