ጅማትም ጋሻ ይሻል

ባላምባራስ ዘርአ ዳዊት አንኮበር ካለው ደብር ቅጥር ጥግ የገዛ እጃቸውን መቃብር ሲያስቆፍሩ፣ አንድ መንገደኛ ደረሰ። ብርሃነ መስቀል ይባላል፤ የዚያው አገር ልጅ ሲሆን ምጽዋ ከአንድ የውጭ ሐኪም የቀዶ ጥገና ሙያ ተምሮ መመለሱ ነው።

«እግዜር ያጥናዎ፤ ማን ሞተብዎ?»

«እጄ! ጦር ሜዳ ተመትቶ ተቆረጠ። ሲቀበር ጣቶቹ ተጨብጠው ኖሮ ትንሿ ጣቴ እስከ ዛሬ ትቃጠላለች። አምና አውጥተን አቃናናት፤ አልተሻለኝም። ዛሬ ደግሞ ወደ ምሥራቅ አዙረን እንቀብረዋለን።»

ባላምባራስን ከሕመሙ ይልቅ ያንገበገባቸው ውርደቱ ነበር። የጋሻው ጠፍር እጁ የተቆረጠውን ክንዳቸውን በነካው ቁጥር ስለሚያስጮኻቸው፣ ያ ሁሉ ስም ያለው ሰው ከሰልፍ ቀርቶ ቤት ጠባቂ ሆኗል።

«ቢፈቅዱልኝ ክንድዎን ልንካ?»

«ንካ። ግን ቀስ በል፤ ሰው ፊት አታስጮኸኝ።»

ወጣቱ ጠባሳውን ዳሰሰና ሽንብራ የምታህል እብጠት ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ትንሿ ጣቴ!» አሉ ባላምባራስ ጥርሳቸውን ነክሰው።

«ቆፋሪዎቹ እኮ ገና አጥንቱ ዘንድ አልደረሱም፤ የተነካው ይህ ብቻ ነው። የትንሿን ጣት ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ጅማት ሲቆረጥ፣ ጫፉ የጠፋውን እጅ ፍለጋ ያድጋል። መሄጃ ሲያጣ እንዲህ ይቋጠራል።»

ባላምባራስ በሰው ቃል የሚረቱ አልነበሩም፤ የገዛ አካላቸው ሲመሰክርባቸው ግን መጠየቅ ጀመሩ።

«ብትቆርጠው ተመልሶ አያድግም?»

«ቆርጬ ብተወው ያድጋል። ስለዚህ ጫፉን ከጠባሳው አርቄ ጡንቻ ውስጥ እሸሽገዋለሁ። እዚያ ጠፍርም ብርድም አያገኘውም።»

«ጅማትም ጋሻ ይሻል በለኛ!»

«ይሻል፣ ጌታዬ። ማስተኛ መድኃኒትም ይዣለሁ።»

«እኔ ዘርአ ዳዊት ተኝቼ ልቆረጥ?»

«ጀግንነትዎን ማን ይጠራጠራል? ክንድዎ ግን ሳያስፈቅድዎ ይደነግጣል፤ ያኔ ምላጬ ይስታል።»

ሳቅ አመለጣቸው። ቆፋሪዎቹን አሰናበቱና በማግስቱ ተኙለት።

ቁስሉ ከሻረ በኋላ ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ሰልፍ ወጣ። ባላምባራስ ጋሻቸውን እጅ በሌለው ክንዳቸው ላይ አጥብቀው አስረው በፈረስ ብቅ ሲሉ፣ ባልደረቦቻቸው የለመዱትን ጩኸት ጠበቁ። የሰሙት ግን ፉከራ ነበር።

«አካላችሁ የጎደለ ሁሉ ስሙኝ!» አሉ ባላምባራስ። «መቃብር መቆፈር ይብቃችሁ። ሕመሙ ያለው በሕይወት ባለው አካላችሁ ውስጥ ነው፤ እዚያው ይታከማል። እኔ እንቅልፌንም ሰልፌንም አግኝቻለሁ፤ እናንተም ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ታዩ።»

«ያዳነዎ ፈረንጅ ሐኪም የታለ?» አለ አንድ እግሩን ያጣ ወታደር።

«የምን ፈረንጅ?» አሉና ብርሃነ መስቀልን ከሕዝቡ መሐል ጠርተው ከጎናቸው አቆሙት። «የአንኮበር ልጅ ነው! የእኛው!»